ሰው የሚኖርበትን ሕንጻ ምሰሶ አንሥቶ በአግዳሚ ብረት ስለ መተካት
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ምሰሶ ለመናገር ነው። አርእስቱ ጠበበ የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ ከግቢያችን ወጥቶ ወደ ሶዶ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንጻዎች ቢመለከት ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ ይገባዋል። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ወይም የኪራይ ክፍል የሆነው ሕንጻ ብዙ ነው። ሲሠራ ለትንንሽ ሱቆች ስለ ታሰበ ምሰሶዎቹ ተቀራርበው ቆሙ። ዛሬ ግን ፍላጎቱ ሌላ ነው፤ ባንክ ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል፤ ሠርግ የሚደግስ ሰው ሙሽሮቹን የማይጋርድ ቤት ይፈልጋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ መቀመጫው ስትሆን ደግሞ፣ ቢሮዎቹ በሌሎችም ከተሞች የተከፋፈሉ ቢሆኑ እንኳ፣ የስብሰባና የቢሮ ቦታ ፈላጊው ተጨመረ። ስለዚህ በአዳራሹ መሃል የቆመው ምሰሶ የባለቤቱ ጠላት ሆነ።

እኛም የምሕንድስና ተማሪዎች በመሆናችን ገና ሳንመረቅ ያስጠሩናል። የሠፈር አባት ወይም የቤት አከራይ ቡና አስፈልተው፣ «ልጆቼ፣ እስቲ አይታችሁ ንገሩኝ፤ ይቺን ብረት ባነሣት ምን ትሆናለች?» ይሉናል። የሚጠበቅብን መልስ «ምንም አትሆን» ነው። ቡናው ተጠጥቷል፣ አክብሮቱ አለ፣ እምቢ ማለት ያሳፍራል። በዚያች ሰዓት ከኛ አፍ የምትወጣው ቃል ግን በፎቁ ላይ የሚተኙትን ሰዎች የምትመለከት ናት፤ እነሱ ደግሞ ቡናው ላይ አልተጠሩም። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለአገራችን ሰው ጨርሶ እንግዳ አለመሆኑን እንናገር። በገጠር በሣር የተከደነው ክብ ቤት መሃሉ ላይ ምሰሶ አለው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ወይም እርጥበት ሲያበሰብሰው ቤተ ሰቡ ቤቱን አፍርሶ አይሰደድም፤ ጣሪያውን በባላ ደግፎ አሮጌውን ያወጣል፣ አዲሱን ይተክላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ባላው ይቀድማል፣ ምሰሶው ይከተላል። በጋሞ ደጋ ደግሞ የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ረዥም ቤት የመሃል ምሰሶ ሳይኖረው ይቆማል፤ ሸክሙን የሚያወርደው ቅርጹና ሽመናው ነውና። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ ባንድ ቀን አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተባብረው ከነቁመናው አንሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ይወስዱታል። ምሰሶ የሌለው ቤት ሊኖር እንደሚችል ከዶርዜ እንማራለን። ነገር ግን ያ ቤት ከመጀመሪያው ያለ ምሰሶ እንዲቆም የተሠራ ነው። በምሰሶ ተማምኖ የተሠራን ቤት ምሰሶውን መንጠቅ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። ቁጥር የማይወድ ጓደኛችን ለጥቂት ደቂቃ ይታገሠን።

ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ አንድ የምድር ቤት አዳራሽ እናስብ። መሃሉ ላይ አንድ የብረት ቱቦ ምሰሶ ቆሟል፤ በዚህና በዚያ ጫፍ ሌሎች ሁለት አሉ። በሦስቱ ራስ ላይ ቢም ተጋድሟል፤ በቢሙ ላይ የአርማታ ወለል አርፏል፤ በወለሉ ላይ ሰዎች ይኖራሉ። ቢሙ ከግራና ከቀኝ በድምሩ 5 ሜትር ስፋት ያለው ወለል ይሸከማል። የወለሉ ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የአንዱ ካሬ ሜትር የራሱ ክብደት 375 ኪሎ ነው፤ ልስኑ፣ ንጣፉ፣ ክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ ዕቃውና ሰዉ ሲጨመር ወደ 800 ኪሎ ይደርሳል። የመሃሉ ምሰሶ ድርሻ 4 በ5፣ ማለት 20 ካሬ ሜትር ነው። 20 በ800 ሲባዛ 16,000 ኪሎ፣ ይኸውም 16 ቶን ይሆናል። ያቺ ቀለም የተቀባች ቀጭን ቱቦ አንድ የጭነት መኪና ከነጭነቱ ተሸክማ ቆማለች ማለት ነው፤ ድምፅ ስለማታሰማ ሥራ የሌላት ትመስላለች።

ብረቷን ብናነሣ ይህ 16 ቶን የትም አይሄድም። ግማሹ ወደ ግራ ጫፍ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ጫፍ ይጓዛል። እያንዳንዱ የጫፍ ምሰሶ ቀድሞ 8 ቶን ይሸከም ነበርና አሁን 16 ይሆንበታል። እዚህ ላይ ባለቤቱም በያጁም የሚረሱት መሠረቱን ነው። የጫፉ ምሰሶ 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ መሠረት ላይ ቢቆም፣ በአፈሩ ላይ በካሬ ሜትር 8 ቶን ያርፍ የነበረው 16 ቶን ይሆናል። አፈሩ እንደ ቀድሞው እንዲጫን ብቻ ብንፈልግ መሠረቱ በየጎኑ ወደ 1.4 ሜትር መስፋት አለበት። የአካባቢያችን ቀይ አፈር በበጋ ሲቆፍሩት እንደ ሸክላ ጠንካራ ነው፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ግን ሌላ ጠባይ ያመጣል። ስለዚህ በጥር ወር የታየ አፈር ለሐምሌ ምስክር አይሆንም።

የቢሙ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ርቀቱ ከ4 ወደ 8 ሜትር ሲያድግ ጉዳቱ እጥፍ ብቻ አይደለም። በእኩል በተዘረጋ ሸክም ሥር የሚያጎብጠው ኃይል 4 እጥፍ፣ መጉበጡ ራሱ 16 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ አሮጌው ቢም የአርማታ ከሆነና በሦስቱ ምሰሶዎች ላይ ሳይቆረጥ ካለፈ፣ በመሃለኛው ምሰሶ ራስ ላይ ዋናው ፌሮ የሚገኘው በላይኛው በኩል ነው፤ እዚያ ሥፍራ የሚሳበው ላይኛው ገጽ ስለሆነ። ምሰሶው ሲነሣ የሚሳበው ታችኛው ገጽ ይሆናል። በታች በኩል ያለው ፌሮ ግን ትንሽ ነው። ቢሙ ያልተዘጋጀበትን ሥራ ባንድ ቀን ተሰጠው ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ አግዳሚ ያስፈልጋል። ስናሰላው ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አይ ፒ ኢ 400 የሚባለው ብረት ሁለት ይወጣል። ለምን ሁለት? አንዱ በምሰሶው ግራ፣ ሌላው በቀኝ እንዲያልፍ ነው። ምሰሶው በመካከላቸው እንደ ቆመ ሥራው ይሠራል፤ አዲሱ ሸክሙን እስኪረከብ አሮጌው ሥራውን አይለቅም። አንዱ ብረት በሜትር 66 ኪሎ ስለሚመዝን 8 ሜትሩ ከ500 ኪሎ ይበልጣል። በሱቅ በር የማይገባ ከሆነ በሁለት ቁራጭ ገብቶ ውስጥ በቡሎንና በወፍራም ላሜራ ይጋጠማል። ነገር ግን መጋጠሚያው ትክክል መሃል ላይ እንዳይውል ያስፈልጋል፤ የሚያጎብጠው ኃይል የሚበረታው እዚያ ነውና። አንዱን ቁራጭ ረዘም፣ ሌላውን አጠር ማድረግ ይበቃል።

በየሥፍራው የምናየው ልማድ ግን ከዚህ የራቀ ነው። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ አምጥቶ ከቢሙ ሥር በየዶ ምሰሶውን መቁረጥ ነው። ቱቦው ለበርና ለአጥር ጥሩ ነው፤ አንነቅፈውም። መጉበጥን በመቋቋም ረገድ ግን የተናገርንላቸው ሁለቱ ብረቶች ከሱ ወደ 250 እጥፍ ይበልጣሉ። ሁለት ቢደርቡ፣ ሦስት ቢደርቡ ልዩነቱ አይሞላም። በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ብየዳው ሳይላቀቅ ቱቦው ይጎብጣል።

አሁን የሥራውን አካሄድ እንንገራችሁ፤ ልብ የሚባለው ያለው እዚህ ነው። ሁለቱ ብረቶች 16 ቶን መሃላቸው ላይ ሲያርፍ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጎብጣሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ማንኛውም ብረት ሳይጎብጥ አይሸከምም። ጥያቄው የሚጎብጠው መቼ ነው የሚለው ነው። ብረቱን ገጥመን ምሰሶውን ብንቆርጥ፣ ብረቱ ሸክሙን ለመቀበል ሲጎብጥ ፎቁም 18 ሚሊ ሜትር አብሮ ይወርዳል። የፎቁ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ በሮቹ አልዘጋም ይላሉ፣ የውሃው ቧንቧ መጋጠሚያ ይፈታል። ሕንጻው ላይወድቅ ይችላል፤ በላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን እንደ ወደቀ ያህል ይደነግጣሉ፣ እውነትም አላቸው።

ይህ እንዳይሆን ብረቱ ምሰሶው ሳይነሣ አስቀድሞ እንዲጎብጥ ይደረጋል። በአዲሱ ብረትና በአሮጌው ቢም መካከል፣ በምሰሶው ግራና ቀኝ፣ በዘይት የሚሠራ ክሪክ ይገባል፤ ኃይሉን የሚያሳይ መለኪያ ያለው መሆን አለበት። ክሪኩ በትንሽ በትንሹ ይጠበቃል። 4 ቶን ሲደርስ ይቆማል፣ ይለካል፤ 8 ሲደርስ ይቆማል፣ ይለካል። ብረቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፎቁ ግን በቦታው ይቆያል። ወደ 16 ቶን ሲጠጋ ምሰሶው ሸክሙን አስረክቦ ባዶውን ይቀራል። ያን ጊዜ በክሪኮቹ አጠገብ ያለው ክፍተት በወፍራም ላሜራ ተጠቅጥቆ ይሞላል፣ ክሪኩ ይላላል፣ ምሰሶው ይቆረጣል። ሥራው የተሠራ እንደ ሆነ በመቁረጫው ሰዓት የሚታይ ነገር አይኖርም። ለማየት የመጣ ሰው ቅር ብሎት ይመለሳል፤ የምንመኘውም ይኸንን ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። የጫፎቹ መሠረት ተቆፍሮ ይሰፋል፤ አዲሱ አርማታ እስኪጠነክር ይጠበቃል። በተለምዶ የሚቆጠረው 28 ቀን ነው፤ ባለቤቱን የሚያስቆጣውም ይህ ነው፤ ለሠርግ ቀን ቆርጧልና። በምሰሶው ግራና ቀኝ ደግሞ ጊዜያዊ ድጋፍ በረድፍ ይቆማል። በአገራችን ለዚህ የሚውለው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። አጣና ሸክም ይችላል፤ ነገር ግን እርጥብ ከሆነ ይሟሽሻል፣ ሲጫን ያጥራል፣ ጠማማ ከሆነ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ በቱንቢ የተለካ፣ እርስ በርሱ በአግድም የታሰረ ይሁን፤ ሽብልቁም በየጠዋቱ ይነካ። የድጋፉ እግር በንጣፉ ላይ ብቻ ከቆመ ዋጋ የለውም፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ተዘርግቶ ሸክሙ በጠንካራ መሬት ላይ መዘርጋት አለበት።

ብየዳን በሚመለከት ሁለት ነገር እንጨምራለን። አንደኛው፣ ኮርኒሱ የጨርቅ ወይም የእንጨት በሆነበት ቤት ፍንጣሪ ገብቶ ተደብቆ ይቆይና ሠራተኛው ከሄደ በኋላ እሳት ይሆናል። በተቻለ መጠን በቡሎን መሥራት፣ መበየድ የግድ ከሆነም ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃና አሸዋ ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ማቆም ያስፈልጋል። ሁለተኛው መብራት ነው። ግማሹ ተበይዶ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። መልሱ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ብየዳ ተፈጽሞ፣ ተመርምሮ፣ ክሪኩ ተጠብቆ ሳያልቅ የመቁረጫው ድንጋይ ምሰሶውን አይነካም። ሌላው ሁሉ ቢቋረጥ የሚያመጣው መዘግየት ነው፤ ቆረጣው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሸክሙ ገና በምሰሶው ላይ ካለ ግን አደጋ ነው።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። «ሰው እየኖረበት» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። በፎቁ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ከሥሯ ምን እንደሚሠራ የምታውቀው በሚሰማት የመዶሻ ድምፅ ነው። ስትጠይቅ «ጥገና ነው» ይሏታል። ሥራው በጥንቃቄ ቢሠራም እንኳ መቼ እንደሚጀመር፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ሰዓት ቤቱን ለቃ መውጣት እንዳለባት፣ አዲስ ስንጥቅ ብታይ ለማን እንደምትናገር ሊነገራት ይገባል። ክሪኩ ከሚጠበቅበት ሰዓት ጀምሮ ምሰሶው ተቆርጦ እስኪለካ ድረስ በፎቁ ላይ ማንም መገኘት የለበትም ብለን እናምናለን። ሒሳባችን ትክክል ነው ብለን ብንተማመንም እንኳ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ማጋነን ነው፣ ሰውንም ያስደነግጣል ብለውናል። እኛ ግን አንድ ቀን መደንገጥ ከዚህ አይብስም እንላለን።

በውጭ አገር የደረሰ ሁለት ታሪክ እናንሣ። በኒው ዮርክ ከተማ ሲቲኮርፕ ሴንተር የተባለ ባለ 59 ፎቅ ሕንጻ አለ፤ ታላላቅ ምሰሶዎቹ በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መሃል የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የአንድ ተማሪ ጥያቄ ምክንያት ሆኖ መሐንዲሱ ዊሊያም ሌሜሱሪየር ሒሳቡን እንደገና ሲመረምር፣ በብየዳ ፈንታ በቡሎን የተጋጠሙት የብረት መጋጠሚያዎች ብርቱ ነፋስ እንደማይችሉ አገኘ። ቀን ቀን ሠራተኞች በቢሮአቸው እየሠሩ፣ ሌሊት ሌሊት በያጆች እየገቡ በየመጋጠሚያው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በየዱበት። ሰው የሚገለገልበት ሕንጻ በብረት ሊጠገን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ሆኖም በሕንጻው የሚገቡና የሚወጡት ሰዎች እውነቱን ሳያውቁ ቀሩ፤ ነገሩ ለሕዝብ በሙሉ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በጥገናው የሚመሰገነውን መሐንዲስ በዝምታው ማመስገን ይከብደናል።

በዚያው በ1995 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር መጨረሻ በሴኡል ከተማ ሳምፑንግ የተባለው ትልቅ የገበያ ሕንጻ ወደቀ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ሲባል ምሰሶዎች ተቆርጠው ነበር፤ የቀሩትም ከሚገባው ቀጥነው ነበር፤ በላዩም ያልታሰበ ፎቅና ከባድ የማቀዝቀዣ መኪናዎች ተጨምረው ነበር። በወደቀበት ዕለት ጠዋት ስንጥቁ ታይቷል። ገበያው ግን አልተዘጋም። 502 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ማብራሪያ አንጨምርም።

የኛ ከተማ ደግሞ በዳሞታ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ መሆኗን አንርሳ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በጥር 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ በተሰማው መንቀጥቀጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎድተዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል በተከታታይ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምሰሶ ሲነሣ ምድር ቤቱ ከፎቁ ይልቅ ለጎን ግፊት ደካማ ይሆናል። ቁልቁል የሚወርደውን ሸክም ብቻ ያሰላ ሰው የሥራውን ግማሽ ነው የሠራው። አዲሶቹ የጫፍ ቋሚዎችና አግዳሚው የሚገናኙበት ማዕዘን ጎን ለጎን የሚመጣውን ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ መሠራት ይኖርበታል፤ በላዩ ላይ ተቀምጦ ብቻ አይበቃም።

ስለ ፈቃድ አጭር ቃል እንናገራለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ቀላሎቹን ሕንጻዎች ከሌሎቹ ሲለይ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለውን የ7 ሜትር ርቀት ከወሰኖቹ አንዱ አድርጎ ነበር። የኛ ምሳሌ 4 የነበረውን 8 አድርጎታል። ቤቱ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ በመሐንዲስ ዓይን ግን ሌላ ቤት ሆኗል። ስለዚህ «ያለ ፈቃድ የሚሠራ ትንሽ ጥገና» የሚባል ምሰሶ የማንሣት ሥራ የለም። ባለቤቶች ፈቃድ የሚሸሹት ጊዜና ገንዘብ ይበላል ብለው ነው፤ ቅሬታቸው ሁልጊዜ ሐሰት ነው አንልም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ምሰሶውን መተው ነው። የመሠረቱን ማስፋት፣ የብረቱን፣ የክሪኩንና የተከራዮቹን ማስወጣት ወጪ ደምረን ለባለቤቱ ብናቀርብ፣ መድረኩን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሮ ምሰሶውን በእንጨት አልብሶ ማስዋብ ይረክሳል። ይህንንም መምከር የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ባያስመሰግንም።

ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ማኅበሩ የትምህርት ክፍላችንን ጠይቆ፣ በመምህር መሪነት በቅዳሜ ቀን የመለኪያ መሣሪያ ይዘን እንድንወጣ ይፈቀድልን። የቡና ጥሪ ሲመጣ ለብቻችን ሄደን በዓይን ከመፍረድ፣ ሦስት አራት ሆነን እንሂድ፤ የምሰሶዎቹን ርቀት፣ የወለሉን ውፍረት፣ የቱቦውን እግር ዝገት፣ የመሠረቱን ስፋት ለክተን በወረቀት እናስፍር። ወረቀቱን ለባለቤቱ እንስጥና፣ ፈቃድ ወዳለው መሐንዲስና ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ይዞ እንዲሄድ እንንገረው። ይቻላል ወይም አይቻልም የሚለውን ቃል እኛ አንናገር። በፎቁ ላይ ለሚኖሩት ግን ምን እንደ ለካንና ለምን እንደ ለካን እዚያው ሳለን እንንገራቸው።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማሳየት ተዘጋጅተን መጥተናል።